ጉዳዩ፦ ግዴታን ስለማስታወስ

መሪጌታ ይባቤ ማረፋቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከፔዳ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስሄድ ሾፌሩ ከጓደኛው ጋር በስልክ ያወራል። «ያ ራፖር ጸሐፊ ሞተ እኮ» አለ፤ «ያ ጥምጥም የሚያደርገው ሽማግሌ። መጨረሻ ላይ ሰልሞ ነበር አሉ።»

አውርደኝ አልኩት። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን። ሐዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የያዘኝ ንዴት ነው። ከወረድኩ በኋላ ጎንበስ ብዬ፣ ሰውየው እስከ መጨረሻቸው ከማኅሌት ያልተለዩ መሪጌታ እንደሆኑ፣ እንዳልሰለሙ፣ ሊሰልሙም አስበው እንደማያውቁ ነገርኩት። ልጁ የሰማሁትን ነው ያወራሁት ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ሰው የሚያወራው ይህንኑ ነው። አንድ ክርስቲያን ለሙስሊም ከተሟገተ ወይ ተከፍሎት ወይ ሰልሞ መሆን አለበት፤ ሦስተኛ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብሎ የሚያስብ የለም። እኔ ሦስተኛውን ምክንያት በዓይኔ ስላየሁት ዝም ብዬ አላልፍም።

ባሕር ዳር የመጣሁት ባለቤቴ እዚህ ፋብሪካ ሲቀጠር ተከትዬው ከአዳማ ነው። እኔም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የሚገባውን ደብዳቤ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም እመታ ነበር ማለት ይበቃል። ከግቢያችን በር ውጭ፣ በግንቡ ጥግ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ኮምፒዩተር ቤት ተከራይተው ሲገቡ መሪጌታ ይባቤ ብቻ በእጃቸው እየጻፉ እዚያው ቀሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዘወትር ጥምጥማቸው የማይዛነፍ ሰው ነበሩ። ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ስለደከመ በደብራቸው የመሪነቱን ቦታ ለሌላ ለቀው፣ በአዘቦቱ ቀን በጽሕፈት ይተዳደሩ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው ይሻክራል፤ ስለዚህም ሲቆጡም ሲቀልዱም አንድ ዓይነት ነው። መቆጣታቸውንና መቀለዳቸውን ለመለየት እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ የተጋጨነው በቀይ ቀለም ነው። መሪጌታ ሁሉንም በሰማያዊ ይጽፉና «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ብቻ በቀይ ያደርጉታል። የእኛ ኃላፊ ደግሞ ደብዳቤ ወደ ሠራተኛ ሲመሩ የሚጽፉት በቀይ ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። እኔም አዲስ ቅጥር ስለሆንኩ ሕግ አስከባሪ መሆኔ ነው፣ ማመልከቻቸውን መስኮቴ ላይ መልሼ ወርውሬላቸው ቀይ የኃላፊ ቀለም ነው አልኳቸው።

«ብራና ላይ በቀይ የሚጻፍ የቅዱሳን ስም ነው» አሉኝ። «ኃላፊሽ ከቅዱሳን ወገን መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን ማለት ባልችልም፣ ሲያርሙኝ ዝም የምላቸው ሰው ሆኑ። «ሄድኩ» ስል «ሄድሁ በይ፤ ይህ ኩ ምን ያንኳኳል?» ይሉኛል። በራችን ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ላይ «ኃላፊ» በሃሌታው ሀ ተጽፎ ቢያዩ መሰላል አስመጥተው ራሳቸው ቀለም ይዘው አረሙት፤ ዘበኛው ከታች መሰላሉን ይዞላቸው ነበር።

ሰላምታቸው «ቁጥሩስ?» ነበር። ማመልከቻ ጽፈው የላኩት ባለጉዳይ ሲመለስ እንደምን ዋልህ እንኳ ሳይሉት «ቁጥሩስ?» ይላሉ። እያንዳንዱን ማመልከቻ በሦስት ቅጂ ይጽፉታል፤ ሦስተኛው ቅጂ፣ ቀሪው፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመቶበት ወደ ባለጉዳዩ እጅ ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም። ባለጉዳዩ ገና ነው ብለውኛል ካለ ተነሥተው አብረውት ወደ መስኮቴ ይመጣሉ። መንግሥት አላወቅሁም እንዲል በር አትክፈቱለት ይሉ ነበር። ቁጥር ከሌለው አላወቀም፤ ቁጥር ካለው አውቆ ነው የተወው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ማመልከቻ የሚያልቀው «ስል በትህትና እጠይቃለሁ» ተብሎ መሆኑን የማያውቅ የለም። መሪጌታ ይህንን የሚጽፉት እየመረጡ ነው። ሰውየው የዝውውር ቦታ ይሰጠኝ፣ ቅጣቴ ይቀነስልኝ ካለ «በትህትና» ይጽፉለታል። ደብድበውኛል፣ ቤቴ ሊቃጠል ነው፣ ጠብቁኝ ካለ አይጽፉም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥበቃ ውለታ አይደለም፤ ውለታ ሲሆን አሳምሬ እለምናለሁ አሉኝ።

አሁን ወደዚያ ደብዳቤ ልምጣ። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ነገሩም ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ያጻፈው ከሩቅ አገር ተፈናቅሎ የመጣ ገበሬ ነው። በመጣበት ቦታ ክርስቲያኑ ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ተቃጥሎ፣ ጎረቤቶቹ ተገድለው፣ እሱ ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። ቀሪ ዘመዶቹ ግን እዚያው ናቸው፤ የሚፈልገው ይህ መሥሪያ ቤት ለሚመለከተው አካል ጽፎ እነሱን እንዲያስጠብቅለት ነው። መሪጌታ በቀይ «ጉዳዩ፦ ግዴታን ስለማስታወስ» ብለው ጀመሩ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በመዝገቤ አይቼ አላውቅም፤ የእኛ ባለጉዳይ ሁልጊዜ «ትብብር ስለመጠየቅ» ነው የሚለው። ውስጡ ላይ እስከ ዛሬ በቃሌ የምይዘው መስመር አለ፦ «ብዙ የሆነ ሕዝብ ራሱን ይጠብቃል፤ መንግሥት ያስፈለገው ለጥቂቱ ነው።»

ያንን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ አለቀሰ። ኃላፊያችን ገበሬውን አቅፈው ሳሙት። ልጆች በስልካቸው አንስተው ፌስቡክ ላይ ለቀቁት፤ በየሰንበቴው ተነበበ። ዘበኛው ለመሪጌታ ለስላሳ ገዝቶ ሲያመጣላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ለጥቂት ሳምንታት መሪጌታ የከተማው ሰው ነበሩ። ሐውልት መቆም ብቻ ነበር የቀራቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሰኞ፣ ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ሴት መጡ። ከባሕር ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ ጣናን ተጠግታ ካለች አነስተኛ ከተማ ነው የመጡት፤ እነዚያ ሰዎች ዛሬም እዚያው ስለሚኖሩ የከተማዋን ስም ልተወው። ሩዝ ነጋዴ ናቸው። እዚያች ከተማ ሙስሊሙ ጥቂት ቤተሰብ ነው። የመስጊዳቸው አጥር ምስጥ በልቶት ይወድቅና በዚያው በድሮው ጉድጓድ አዲስ ቋሚ ይተክላሉ። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ገፉ የሚል ወሬ ተነሣ። መሬቱን ሄዶ የለካ የለም። አርብ ቀን ሰዎች መጥተው የመስጊዱን በር አቃጠሉ፣ ሰጋጁን በድንጋይ ደበደቡ፤ የአንድ ሽማግሌ ክንድ ተሰበረ። ሲሄዱም በሚቀጥለው አርብ ትሰግዱና እናያለን ብለዋቸው ሄዱ። የአካባቢው አስተዳደር የሰጣቸው መልስ ነገሩ እስኪበርድ ቤታችሁ ስገዱ የሚል ነው።

ወይዘሮ ዘሀራ ቀና ያሉ ሴት ናቸው፤ አላለቀሱም። «አንድ ጁምዓ ካስቀሩን ሁለተኛውንም ያስቀሩናል» አሉ። «ከዚያ ሰፈሩን ነው የምንለቅ። ልጆቼን ይዤ የት ነው የምሄድ? የአባቴ መቃብር እኮ እዚያ ነው።»

መሪጌታ መጀመሪያ የነገሯቸው ነገር እኔን አሳፈረኝ። በሃይማኖት እንደማንስማማ ከአሁኑ እወቂው አሏቸው። ይህ ይሉኝታ የሌለበት ንግግር የመጣው ከልባቸው ነው፤ የቤታቸው አጠገብ ያለው መስጊድ ድምፅ ማጉያ ንጋት ላይ ስለሚቀሰቅሳቸው ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ያስገቡ ሰው ናቸው፣ ያውም በቁጥር። ወይዘሮ ዘሀራም ሳቅ ብለው ልስማማ ሳይሆን ላጽፍ ነው የመጣሁ አሏቸው።

መሪጌታ የዚያን ገበሬ ቀሪ ከሣጥናቸው አወጡ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቃል በቃል ገለበጡት። የጸሎት ቤታችን የሚለው ሳይነካ ቀረ፤ በቁጥር ጥቂት በመሆናችን የሚለውም ቀረ። የቦታውን ስም፣ የደረሰውን ጉዳትና የአመልካቾቹን ስም ብቻ ለወጡ፤ እስከ አርብ ጥበቃ ይመደብልን የሚል አንድ መስመር ጨመሩ። በቀይም ያንኑ ጻፉ፦ «ጉዳዩ፦ ግዴታን ስለማስታወስ»።

ለኃላፊያችን ሳሳያቸው እንዳትቀበይ አሉኝ። «ጥቃት» የሚለው «ግጭት» ተብሎ ይስተካከል፣ ግዴታ የሚለው ወጥቶ ትብብር ይግባ፣ ከዚያ ይታያል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩ ሰው ናቸው። ለመሪጌታ ስነግራቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ደረጃውን ወጡ። እኔም መዝገቡን ታቅፌ ተከተልኳቸው።

«ግጭት ሁለት ሰው ይፈልጋል» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሽማግሌው ግንባሩን መሬት አስነክቶ በሱጁድ ላይ እያለ ከማን ጋር ነው የተጋጨው? ከድንጋዩ ጋር?»

ኃላፊው ጉዳዩ ስሱ ነው፣ አንድ አርብ ቢቀር ምን አለበት አሉ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ወንበር ሳቡ። አርብ አርብ የመንግሥት ቢሮ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ሰባት ተኩል የሚዘጋው ለምን እንደሆነ ጠየቋቸው። ለምሳ ነው አሉ ኃላፊው፤ ወዲያው ገባቸው መሰለኝ ፊታቸው ተለወጠ።

«ጌታዬ፣ ምሳስ በሌላውም ቀን ይበላል» አሏቸው መሪጌታ። «መንግሥት አርብ ሰዓቱን ያረዘመው ሙስሊም ይስገድ ብሎ ነው። እርስዎ በእነዚህ ሰዎች ጁምዓ ተዝናንተው ምሳዎን ይበላሉ፤ እነሱን ደግሞ አትስገዱ ይሏቸዋል። ወይ ሰዓቱን ይመልሱ ወይ ፖሊስ ይላኩ።»

እኔ መዝገቡን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ። ኃላፊው አልሳቁም። ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ የሰላም ውይይት አለ፣ ካህናቱም ወጣቶቹም ይመጣሉ፣ እርስዎ እንደ አባት ተነሥተው ትዕግሥት ይስበኩ፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይታያል ብለው ሸኟቸው። መሪጌታ እመጣለሁ አሉ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ነገሩ ተዛምቶ ነበር። ከግንቡ ሥር የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ወንበራቸውን ከመሪጌታ አራቁ። አንዱ «ሸህ ይባቤ» ብሎ ጠራቸው። ከደብራቸው ሰው መጥቶ መከራቸው። ሃይማኖታቸው ልክ ነው ብዬ አልጻፍሁም፤ ልክ ያልሆነ ሰው አይጠበቅም የሚል ሕግ ካለ ግን አምጣና አሳየኝ፣ ለዚያም ቁጥር አሰጥለታለሁ አሉት። ሰውየው ተበሳጭቶ ሄደ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ወይዘሮ ዘሀራ ከመጨረሻው ረድፍ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተመድቤ መድረኩ ጥግ ነበርኩ። መሪጌታ ተራቸው ሲደርስ ከኮታቸው ወረቀት አወጡና ትዕግሥት ከመስበኬ በፊት አንድ ደብዳቤ ላንብብላችሁ አሉ። አድራሻውን ትተው፣ ቀዩን መስመር ትተው፣ የቦታውንም ስም ዘለው ከመሀል ጀመሩ። የትኛውን እንደያዙ ከመድረኩ ጥግ ስለሚታየኝ አውቄዋለሁ።

አዳራሹ ደብዳቤውን ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አወቀው። ያለቀሱበት ነው፤ በየስልካቸው ያለ ነው። በቁጥር ጥቂት በመሆናችን ሲሉ ከፊት የተቀመጡ አንድ ቄስ እህ ብለው ተነፈሱ። የጸሎት ቤታችን በር በእሳት ጋየ ሲሉ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «የሚጸልይ ሽማግሌ በድንጋይ ተመትቶ ክንዱ ተሰበረ፤ አቤት ብንል ቤታችሁ ጸልዩ ተባልን።» እዚህ ላይ አንድ ወጣት ብድግ አለ። ለውይይቱ ከወይዘሮ ዘሀራ ከተማ የመጡት ወጣቶች መሪ እሱ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። መንግሥት የት ነበር ብሎ ጮኸ። ጥቂት የሆነ ሰው ከመንግሥት በቀር ማን አለው አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ስልኮች ተነሡ፤ ኃላፊያችንም ሳያስቡት አጨበጨቡ።

መሪጌታ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ አመልካቾች ብለው ስሞቹን ያነቡ ጀመር፤ ዘሀራ እንድሪስ፣ ሰዒድ ሙሐመድ፣ ከድጃ አሊ፣ ሑሴን አሕመድ። እያንዳንዱን ስም ካባቱ ጋር፣ ሳይቸኩሉ አነበቡ። በዚያ ሻካራ ድምፅ ሃያ ስንት ስም ለማንበብ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። 

ወጣቱ እንደቆመ ነበር። «አታለሉን» አላቸው።

«አላታለልኋችሁም። የተጻፈውን ነው ያነበብሁ። የክርስቲያን ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ።» ወደ ኃላፊያችን ዞሩ። «ልጁ መንግሥት የት ነበር ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ደግ ነው፤ ይመለስለት።»

የተቆጡ ነበሩ፤ ጥለው የወጡም ነበሩ። እኒያ እህ ብለው የተነፈሱት ቄስ ግን አልወጡም፤ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ቃለ ጉባኤውን ትቼ፣ ሦስቱንም ቅጂ ከመሪጌታ እጅ ተቀብዬ ወደ መዝገብ ቤት ሮጥኩ። ለሦስቱም ቅጂ ቁጥር ሰጥቼ ማኅተም መታሁ። ማን ፈቀደልሽ ስባል ደብዳቤ መቀበል ሥራዬ ነው አልኩ፤ ለዚህ መልሴ ሁለት ዓመት ንብረት ክፍል ወንበር ስቆጥር ኖሬአለሁ፣ አልቆጨኝም። ኃላፊው ጭብጨባቸው በሰው ስልክ ስለተቀረጸ ሌላ መውጫ አልነበራቸውም። በቀይ እስክሪብቶ «ለፖሊስ፤ ተገቢው ይፈጸም» ብለው መሩት።

አርብ በአምስት ሰዓት ተኩል ቢሮ ሲዘጋ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የአርቡን ረጅም ሰዓት ለጁምዓ ስጠቀምበት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መሪጌታ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ከተቃጠለው በር ፊት፣ ከመንገዱ ዳር፣ የሥራ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል። ፖሊስ የለም። ሰጋጆቹ አንድ ሁለት እያሉ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ወይዘሮ ዘሀራም ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። ከማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ወጣቶች መሰብሰብ ጀመሩ። ለመሪጌታ እንሂድ አልኳቸው፤ ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅም። አንቺ ሂጂ አሉኝ። እኔም ከወንበራቸው ኋላ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ድንጋይ የመስጊዱ ቆርቆሮ ላይ አረፈ። መሪጌታ ሰዓታቸውን አዩና በደብዳቤው ቀሪ ጀርባ ላይ ጻፉ። ሁለተኛው ከእግራቸው ሥር ወደቀ፤ እሱንም ጻፉ። ከወጣቶቹ አንዱ ጠጋ ብሎ ምን እየጻፉ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የሆነውን» አሉት። «ስምህስ ማን ነው? ሠ ካለበት በየትኛው ሠ ነው የምትጽፈው? ስህተት አልወድም።»

ልጁ ስሙን አልተናገረም። ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ፤ አንድ ነገር ተባባሉ። የሚወረወረው ቆመ፤ እነሱ ግን አልተበተኑም። ከውስጥ ሶላቱ ሲጀመር ይሰማል። እንዲህ ሆነን ምን ያህል እንደቆየን እንጃ።

የፖሊስ መኪና የደረሰው ሰግደው ሊጨርሱ ሲሉ ነው። ኢንስፔክተሩ ወርዶ ወጣቶቹን አየ፣ ድንጋዮቹን አየ፣ መጨረሻ ላይ ባለ ጥምጥሙን ሽማግሌ አየ። መሪጌታ ከወንበራቸው ሳይነሡ ማኅተም ያለበትን ቀሪ ዘረጉለት፤ የደረስህበትን ሰዓት እዚህ ላይ ጻፍልኝ፣ ፈርምበትም አሉት። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አልተቀበለም።

«አባቴ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት» አላቸው። «ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን አገናኘዎት?»

«እኔንማ ምንም አያገናኘኝ» አሉት፣ እስክሪብቶውን አብረው እየዘረጉለት። «የሚያገናኛቸው ካንተ ጋር ነው። ጻፍ።»

ኢንስፔክተሩ የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ጻፈ።